አያ ኪሮስ እና የተገዘተው ሳጥን

የአያ ኪሮስን ሞት የነገረችኝ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ማር የምትሸጥ የፀምራ ሴት ናት። እኔ በጣቴ ጫፍ ማሩን ቀምሼ ስለ ንጣቱ ስፈላሰፍ፣ እሷ የማር ቅሏን ገፋ አደረገችና «አልሰማህም እንዴ መምህር? ኪሮስ እኮ አረፈ። ከትናንት በስቲያ ቀበርነው» አለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ «የትኛው ኪሮስ?» አልኳት። ፀምራ ላይ ኪሮስ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ የትኛውን እንዳለች ግን ገና አፏን ስትከፍት ገብቶኝ ነበር። «ሳጥን ጠባቂው ነዋ!» አለች ተቆጥታ። ማሩ ጣቴ ላይ እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ፀምራ ተነሳሁ። ከሰቆጣ ወደ ሰሃላ በሚወስደው የእግር መንገድ አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል፤ መኪና አይታሰብም። በሃያ ሦስት ዓመቴ እየዘለልኩ የምወጣውን አቀበት አሁን በየመቶ እርምጃው እየተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ ወጣሁት። ሐሳቤ ለቅሶ መድረስ ብቻ አልነበረም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለአያ ኪሮስ ልነግራቸው ስፈልግ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። እሳቸው ካመለጡኝ ለባለቤታቸው ለእትዬ አዝመራ እነግራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

አያ ኪሮስን ያወቅኳቸው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ሽግግሩ አልቆ አገሩ ሁሉ ምርጫ ምርጫ በሚልበት ጊዜ ነው። እኔ ፀምራ ላይ ባለችው የሁለት ክፍል ትምህርት ቤት አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። የምርጫ ጣቢያው እዚያው ትምህርት ቤቱ ሆነ፤ እኔም የጣቢያው ጸሐፊ ተደረግሁ። ሕዝቡ ተሰብስቦ አምስት ታዛቢዎች ሲመርጥ ሰብሳቢነቱ ለአያ ኪሮስ ደረሰ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚጠጉ ገበሬ ነበሩ። ሲያዳምጡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ሲናገሩ ትንሿን ጣታቸውን ቀሰር ያደርጋሉ።

ማንበብ አይችሉም። ሰቆጣ ለአንድ ቀን ሥልጠና ሲወስዱን እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳንጎላጅ፣ እሳቸው አሠልጣኙ ያለውን ሁሉ ከነሳሉ ይዘውት ተመለሱ። «ደንቡ ይላል» ብለው ይጀምራሉ። «ጣቢያው ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለሕዝብ ይታያል። ከዚያ ይቆለፋል።» አንድ ቃል አይወድቅባቸውም። ሰው ሊቀልድባቸው «ኪሮስ፣ በሬ ለመጥመድስ ደንቡ ምን ይላል?» ሲላቸው፣ «እሱን አላሠለጠኑንም» ይሉታል፤ ፈገግም አይሉም።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። የምርጫው ዕለት ከወንዝ ማዶ ትልቅ ሰርግ ነበር። ታዛቢዎቹ ረፋድ ላይ ወደ ሰርጉ ጠፍተው ከሳጥን ጋር ብቻዬን እቀራለሁ ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ የደብሩን አዛውንት ቄስ፣ ቄስ ሞገስን «አባ፣ እነዚህን ሰዎች ይገዝቱልኝ» አልኳቸው። ግዝት በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ቄስ ገዝቶ ያሰረውን ያው ያሰረው ቄስ ይፈታዋል እንጂ ሌላ ሰው እጁን አይከትበትም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ደወል የሚለይ አልመሰለኝም።

ታዛቢዎቹ በትምህርት ቤቱ የድንጋይ ካብ ውስጥ ተሰልፈው ቆሙ። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን አውጥተው «ድምፅ ተሰጥቶ፣ ተቆጥሮ እስኪያበቃ ድረስ ሳጥኑን ትቶ ከዚህ ካብ የወጣ ታዛቢ የተገዘተ ይሁን፤ ዘሩ አይውጣ!» አሉ። መጨረሻ ላይ ያለችዋ ከልማድ የመጣች ናት፤ የእህል ሌባ ሲገዝቱም ይሏታል። አምስቱም «አሜን» አሉ። አያ ኪሮስ ግን ከሌሎቹ ዘግይተው ነው ያሉት፤ ፊታቸውም አመድ መስሎ ነበር። እትዬ አዝመራ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበሩ። ከዚያ በፊት ሦስት ልጅ ወልደው ሦስቱንም ክርስትና ሳያነሱ ቀብረዋል። ይህን የሰማሁት ቄሱ መስቀላቸውን ከመለሱ በኋላ ነው።

ጣቢያው ተከፈተ። አያ ኪሮስ ሳጥኑን ገልብጠው ባዶነቱን አሳዩ፤ ቆለፉ። ሕዝቡ ካርዱን ይዞ ተሰለፈ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ግን አልመጣም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ወረቀት የለም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወረዳው የተላከ ሰው ላቡን እየጠረገ ደረሰና «የእናንተ ጣቢያ ወረቀት ስላልደረሰ ምርጫው ለሳምንት ተራዝሟል» አለ። ሕዝቡ አጉረመረመና ወደ ሰርጉ ወረደ። ታዛቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አራቱ ከብዙ ማመንታት በኋላ «ምርጫ ከሌለ ግዝትም የለም» ብለው ካቡን ተሻግረው ሄዱ።

አያ ኪሮስ እኔን «ድምፅ ተሰጥቷል?» አሉኝ። «አልተሰጠም» አልኳቸው። «ተቆጥሯል?» «ምኑ ይቆጠራል አያ ኪሮስ?» ነጠላቸውን አጣፉና ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ።

አንዱ ሳምንት ሁለት ሆነ። ሁለቱ ወር ሆነ። እኔ ሰቆጣ እየተመላለስኩ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ወረቀቱ በስህተት ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል ተባለ። ቀጥሎ የጣቢያችን ስም ከዝርዝር ጎድሏል ተባለ። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። የሚያናግረኝ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ፣ እሱም አዲስ፤ ማን እንደሚያዘው እንኳ በቅጡ አያውቅም። «ታገሱ፣ ሁሉም ገና እየተቋቋመ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። እኔ ግን ካብ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለብኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄጄ «ይፍቱልኝ» ብዬ ለምኛለሁ። ሳቁብኝ። «ሳምንት አይደል? ይታገስ። ግዝት በየዕለቱ የሚታሰርና የሚፈታ ነገር አይደለም» አሉ። ወዲያው ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ተከዜ ቆላ ወረዱ፤ ወባ ይዟቸው ተመለሱ፤ ባምስተኛው ቀን አረፉ። አያ ኪሮስ ቀብራቸው ላይ መገኘት አልቻሉም። ካቡ ላይ ቆመው ሬሳው በማዶው ጠርዝ ሲያልፍ ራሳቸውን ገልጠው ተመለከቱ። «ከነመፍቻው ሄዱ» አሉ። የደብሩ ሌላው ቄስ ሲጠየቁ «እኔ ያላሰርኩትን እኔ አልፈታም። ጳጳስ ዘንድ ይኬድ» አሉ። ጳጳሱ የት፣ እኛ የት! ወንዞቹም ሞልተዋል።

ከዚያ ወሬ መጣ። መጀመሪያ ካቡን የተሻገረው ታዛቢ አሥራ አንድ የንብ ቀፎ ነበረው። አንድ ማለዳ ሲነሳ ሁሉም ቀፎ ባዶ ነው፤ የሞተ ንብ የለ፣ የወጣ መንጋ ያየ የለ። የሁለተኛው በሬ እርሻ መሃል ተቀመጠ፤ ቢገፉት፣ ቢጎትቱት አልተነሳም። ሦስተኛው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ካቡ ላይ ተቀመጠ። ምን ፈልገህ ነው ስለው «እኔም አላወቅኩ፤ እግሬ አመጣኝ» አለ። አራተኛው ምንም አልሆነም፤ ስለ እሱ ግን ማንም አያወራም። እኔ ንብ ይሰደዳል፣ በሬ ይታመማል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሆኖም ካቡን በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እግሬን አይ ነበር።

አያ ኪሮስ ግን ጣቢያውን አልዘጉም። ምን ልበላችሁ! በየማለዳው በአሥራ ሁለት ሰዓት ሳጥኑን ከክፍሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በባዶው ሜዳ ላይ «ጣቢያው ተከፍቷል!» ብለው ይጣራሉ። ማታ በአሥራ ሁለት ደግሞ «ጣቢያው ተዘግቷል!» መታወቂያውን ከነክሩ ካንገታቸው አላወለቁም። ሰው ከብቱን ወደዚያ ማስገባት ስለፈራ ሣሩ ወገብ ድረስ አድጓል፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ያለችው የእሳቸው ዱካ ብቻ ናት የተረገጠችው። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ በላይ በኩል ዞረው ያልፋሉ። ያችን ጥሪ ገደሉ ይመልሳታል። ጉም የወረደ ዕለት ግን ዘግይታ ትመለሳለች፤ ስትመለስም የእሳቸውን ድምፅ አትመስልም። እኔ ጆሮዬን አላምን ብዬ ልጠይቃቸው ስል እሳቸው ቀድመው «ሰማህ?» አሉኝ።

በሐምሌ አንድ ረፋድ ላይ ጉሙ ክፍሉ ውስጥ ድረስ ገብቶ ነበር። ዳቦ ይዤላቸው ስወጣ ጠረጴዛው ጋ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሣሩ ያያሉ። «ተሰልፈዋል» አሉኝ በቀስታ።

«እነማን?»

«ፊታቸው አይታየኝም። ካርድ? እላለሁ። ዝም። ካርድ የላቸውም።»

እኔ ጉም እንጂ ምንም አላየሁም። «ይተዉ አያ ኪሮስ፣ ረኃብ ነው፤ ይብሉ» አልኳቸው። «በክፉ ቀን ያለቁብን ናቸው መሰለኝ» አሉ። «ሳይመዘገቡ ነው የሄዱት። ካርድ የሌለውን አላስገባም፤ ሂዱ ማለት ደግሞ አፌ እንቢ አለኝ።» ዳቦውን ተቀብለው ግማሹን ቆርሰው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። እኔ ወደ ክፍሉ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በቀን በሩን የዘጋሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

በሳምንቱ ከማዶ እልልታ ተሰማ። የአያ ኪሮስ ቤት ከገደሉ ወዲያ ማዶ ፊት ለፊት ነው፤ ጉም ከሌለ ጭሱ ይታያል። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው እልልታው። አያ ኪሮስ ብድግ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ንፋሱ ወሰደው። «አምስት ሰማሁ። አንተስ?» አሉኝ። «እኔ ስድስት የሰማሁ መሰለኝ» አልኳቸው። «እንግዲያ ወንድ ነው» አሉና ሣሩ ውስጥ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። በኽምጣንጋ የሆነ ነገር እየደጋገሙ ይሉ ነበር፤ እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ ግን አብሬያቸው አለቀስኩ።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። «ልጁን ለምን አያመጡልዎትም?» አልኳቸው። ተቆጡኝ። «ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ግዝት ወዳለበት? አንተ መምህር፣ ሰው ነህ?»

«ታዲያ እርስዎ ይሂዱ! እኔ ነኝ ያስገዘትኩት፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!»

«በአንተ አይሆንም። ስማ፤ ከዚህ ከወጣሁ አራተኛውን እቀብራለሁ። ከተቀመጥኩ ይኖራል። እኔ ባላየው እሱ ይኑር።»

ክረምቱን ለዕረፍት ወደ ሰቆጣ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። የት ሄጄስ እንቅልፍ ይወስደኛል?

በነሐሴ የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። የፀምራ ጣቢያ ታጥፏል፤ መራጮቹ ከክረምት በኋላ ሌላ ጣቢያ ሄደው ይመርጣሉ ይላል። አያ ኪሮስ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። «እዚህ ድምፅ አይቆጠርም ማለት ነው?» «አይቆጠርም።» «መቼም?» «መቼም አያ ኪሮስ።» ሳጥኑን ጠረጴዛው መሃል ላይ አስተካክለው አስቀመጡና «ጣቢያው የሚዘጋው በአሥራ ሁለት ነው፤ ገና ነው» አሉ። ሰዓቱ አሥር ነበር። ለክርስትናው የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

ወሬው ማዶ ደረሰ። በማግስቱ ጉሙ ገለጥ ሲል እትዬ አዝመራ ጋቢ ተከናንበው ገደሉ አፋፍ ላይ ወጡ። አራስ ሴት ብርድ ላይ! ሴቶች ከኋላ ይጎትቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። በዚያ አገር ሰው ገደል ለገደል ይጣራል፤ ቃሉም ይደርሳል።

«ኪሮስ ሆይ!»

«አቤት!»

«አባ ሞገስ ሲገዝቱ ምን አሉ? ድምፅ ተሰጥቶ ተቆጥሮ አይደል ያሉ?»

«እንደዚያ አሉ!»

«የመንግሥት ወረቀት ይምጣ ብለዋል?»

አያ ኪሮስ አሰቡ። እኔም አሰብኩ። «አላሉም!» ብለው መለሱ።

«ታዲያ ምን ይጎልታችኋል? ድምፅ ስጡና ቁጠሩ!»

«ደንቡ አዝመራ… ደንቡ…»

«ደንብህን ታቀፈው! እኔ ልጄን ስታቅፍ ነው የማይህ!»

የፀምራ ሰው እንዲህ ሲነሳ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ፤ የሴትየዋ ነገር ልክ ነው፣ ግዝቱ ድምፅ ይቆጠር ይላል እንጂ ወረቀት አይልም አሉ። ወንዙ ጠዋት ጠዋት ጎደል ስለሚል ያን ጊዜ እየተሻገሩ መጡ። ካቡ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም አማተቡ። የሚመረጠው ጉዳይ አንድ ነው፤ ኪሮስ ይሂድ ወይስ ይቆይ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ እሰጣለሁ። ባቄላ «ይሂድ» ነው፤ ሽምብራ «ይቆይ»። ክፍሉ ውስጥ በተዘረጋው ጋቢ ጀርባ ይገባሉ፤ የመረጡትን ሳጥኑ ውስጥ፣ የቀረውን አጠገቡ ያለ ማሰሮ ውስጥ ይጥላሉ። ይህን ሁሉ ያዘዙት አያ ኪሮስ ናቸው። ነፃ ሊወጡበት ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ እሳቸው ጋቢው ቀዳዳ እንዳይኖረው ይፈትሻሉ።

ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለሕዝብ መታየት አለበትና ከፍተው ገለበጡት። እፍኝ የሚሞላ የደረቀ ንብ ፈሰሰ። ንቦቹ የጠፉበት ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ኋላ ሸሸ። በድምፅ መክተቻው ቀዳዳ ገብተው ነው አልኩ ጮክ ብዬ፤ ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ መጠለያ ፈልገው ነው። አያ ኪሮስ ሳጥኑን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ቆለፉ፤ «ጣቢያው ተከፍቷል!» አሉ።

ሕዝቡ አንድ በአንድ ገብቶ ወጣ። እኔ መዝገቡ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የመጨረሻው መራጭ አያ ኪሮስ ራሳቸው ነበሩ። ባቄላቸውንና ሽምብራቸውን ተቀብለው ገቡ፤ ከሁሉም በላይ ቆዩ። ሲወጡ ላብ በላብ ሆነው ነበር። መዝገቡን ደመርኩት፤ መቶ አሥራ ሁለት ሰው መርጧል።

ሳጥኑ ሰፌድ ላይ ተገለበጠ። ባቄላ ብቻ ነው የሚታየው! ሴቶች እልል ሊሉ አፋቸውን ሲይዙ አያ ኪሮስ «ይቆጠር» አሉ። ባቄላውን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሁለት። ሙሉ! ከዚያ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አንዲት ሽምብራ አየሁ።

መቶ አሥራ ሦስት ድምፅ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። ሕዝቡ ከሰፌዱ እየራቀ ሄደ። ከኋላ አንዲት ሴት «አባ ሞገስ ናቸው» አለች። አንዱ ተንበረከከ። የቀረው ወደ ካቡ በር መግፋት ጀመረ። ማሰሮውን የቆጠረ ሰው አልነበረም፤ ማንም ማሰሮ ትዝ አላለውም።

አያ ኪሮስ ብቻ አልተንቀሳቀሱም። ትንሿን ጣታቸውን ቀሰር አደረጉ። «ደንቡ ይላል» አሉ፤ «በሳጥኑ የተገኘው ድምፅ ከመራጩ ቁጥር ከበለጠ፣ ምርጫው ይሰረዛል።» እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ሰደዱ። ሊቆልፉት ነው። ሰው ደግሞ ፈርቶ እየወጣ ነው፤ ዳግመኛ ያንን ካብ የሚረግጥ አይኖርም። ክርስትናው ነገ ነው። ማዶ እትዬ አዝመራ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ሽምብራዋ የኔ ናት!» አልኩ።

ሁሉም ቆሙ። «እኔ የተመዘገብኩት ሰቆጣ ነው፤ እዚህ ድምፅ የለኝም። ግን ጣልኩ። የኔን ቀንሱት፤ ልክ ይመጣል።»

ውሸቴን ነው። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ያችን ሽምብራ ማን እንደጣላት አላውቅም ነበር፤ ባውቅም ባላውቅም ግድ አልነበረኝም፤ ሰውየው ቤቱ ይግባልኝ ነው ያልኩት።

አያ ኪሮስ ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ?»

«እኔ።»

«ቆይ ብለህ?»

«ቆዩ ብዬ» አልኩ። ምላሴ እንዴት እንዳልተሳሰረ እግዜር ያውቃል።

ሽምብራዋን ከሰፌዱ አንስተው መዳፌ ላይ አኖሯት፤ ጣቶቼንም ራሳቸው አጠፏቸው። «ያልተመዘገበ ድምፅ አይቆጠርም» አሉ። ዞረው በቀስታ «ጣቢያው ተዘግቷል» አሉ፤ መታወቂያውን ካንገታቸው አወለቁ። ካቡ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ እግራቸውን አንስተው አየር ላይ ያዙት፤ መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ረገጡ። ምንም አልሆነም። ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወርዱ አንድም ጊዜ ዞረው አላዩኝም።

ልጁ ክርስትና ተነሳ፤ አደገ። ለክርስትናው ግን አልተጠራሁም። በመስከረም ዝውውር ጠይቄ ሰቆጣ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አያ ኪሮስ ከእኔ ጋር ያወሩት «ጤና ይስጥልኝ»ን ብቻ ነው። በኋላ በመጣው ምርጫ የፀምራ ሰው በሚመርጥበት ጣቢያ እኔ መዝጋቢ ሆኜ ተቀምጬ እሳቸው ተሰልፈው መጡ። ካርዳቸውን ሰጡኝ፤ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ፤ ዓይናቸውን ካርዱ ላይ ተክለው ሄዱ። በዚያ ወር ሁሉ ምግብ አልበላ አለኝ። እንደ ጠላት ያዩኛል፤ ይገባቸዋል። «የኔ አልነበረችም» ብዬ እንዳልነግራቸው፣ ከነገርኳቸው ሽምብራዋ ባለቤት አልባ ትሆናለች፤ ምርጫው ይሰረዛል፤ ግዝቱ ተመልሶ ልጁ ላይ ይወድቃል። እሳቸው እንደዚያ ነው የሚያስቡት። እኔም እውነት ለመናገር ከጊዜ በኋላ እንደዚያው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ፀምራ ስደርስ ዳሱ ገና አልፈረሰም። እትዬ አዝመራ ጠቁረዋል፤ ከስተዋል። ልጃቸው ቁመቱ ሁሉ ቁርጥ አባቱን ሆኖ ውኃ አቀረበልኝ። ሰው ለቀቅ ሲያደርገን ጠጋ አልኩና፣ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው የመጣሁትን ነገር ጀመርኩ። «እትዬ አዝመራ፣ ያን ጊዜ… ያች ሽምብራ…»

«ያንተ አይደለችም» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እሱ ነው የጣላት። ባቄላውንም ሽምብራውንም ሳጥኑ ውስጥ ጣለ። መሄድም ፈለገ፣ ግዝቱንም ፈራ። ክርስትናው ዕለት ልጁን አቅፎ እያለቀሰ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ፊታቸውን አዞሩብኝ?»

«አፍሮህ ነዋ! ‹ገና አፉን ሲከፍት መዋሸቱን አውቄያለሁ፤ ልጄን ለማየት ስል ግን ዝም አልኩበት። ሕዝብ ፊት ቆይ ያለ ክፉ አድርጌ ተውኩት። በምን ዓይኔ ልየው?› ይል ነበር። ሰቆጣ በሄደ ቁጥር አሁንስ እነግረዋለሁ ብሎ ይወጣል፤ ሳይነግርህ ይመለሳል። ገበያ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት ይለኛል።»

አጡኝ። ከሩቅ ባየኋቸው ቁጥር በሌላ መንገድ እዞር የነበርኩት እኔ ነኝ።